ቢርካው የተቆለፈበት በጋ

ሰገራ መርምሬ ምንም ካላገኘሁ መዝገቡ ላይ «አልታየም» ብዬ እጽፋለሁ እንጂ «የለም» ብዬ አልጽፍም። አንድ ጠብታ አይቼ ስለ ሰው ሆድ በሙሉ መማል አልችልም። ታካሚዎቼ ግን ይህን አይወዱትም። ሆዱን እየቆረጠው የመጣ ሰው ስም ይፈልጋል። አሜባ ይባል፣ ጃርዲያ ይባል፣ ታይፎይድ ይባል፣ ብቻ ይዞት የሚሄደው ስም ይሰጠው።

«ማሽኑ ተበላሽቷል እንዴ?» ይሉኛል።

«ደህና ነው፤ ይሠራል።»

«እንግዲያው ዓይንሽ ነው» ብላኝ የወጣች ሴት አለች።

ዓይኔን ግን አምነዋለሁ። ዘግይቶ ስለተከፈተ ይሆናል። ጅጅጋ የተወለድኩ የወታደር ልጅ ነኝ። እናታችን ስትሞት ታናናሾቼ በእኔ እጅ ወደቁ። እነሱን ትምህርት ቤት ሳደርስ፣ ደብተራቸውን ስሸፍን፣ ሳይመለሱ መጽሐፋቸውን ሰርቄ ሳነብ ሃያ ስድስት ዓመት ሞላኝ፤ ሰባተኛ ክፍል የገባሁት ያኔ ነው። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች «እማማ» ይሉኝ ነበር፤ ቀስ በቀስ አስተማሪዎቹም ለመዱት። የላብራቶሪ ዲፕሎማዬን ስይዝ ከሠላሳ አምስት አልፌ ነበር። በማይክሮስኮፕ መጀመሪያ ያየሁት የሽንኩርት ልጣጭ ነው። ዕድሜ ልኬን ስከትፈው የኖርኩት ሽንኩርት እንደ ግንብ ተደርድሮ፣ ግድግዳና ክፍል ኖሮት አገኘሁት። ተራው የደረሰ ልጅ ትከሻዬን ሲነካኝ እንኳ መነሳት አቃተኝ። ይህን ደስታ እዚህ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በኋላ ያጠፋሁት ጥፋት የመጣው ከእሱ ነው።

ኮሮና ከመምጣቱ በፊት በነበረው በጋ፣ ከሐርተሼክ ወደ ሀርሺን በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያ ውስጥ እሠራ ነበር። እዚያ አገር ወንዝ የለም፣ ምንጭ የለም። ያለው ቢርካ ነው፤ መሬት ተቆፍሮ በድንጋይና በሲሚንቶ የተገነባ፣ የዝናቡን ጎርፍ የሚያጠራቅም ጉድጓድ። ሁሉም ባለቤት አለው፣ ሁሉም በር አለው፣ በሩም ቁልፍ። ሶማሌዎቹ ጂላል የሚሉት ደረቁ ወቅት ሲረዝም ቢርካዎቹ አንድ በአንድ ይደርቃሉ፤ የሰው ወሬም ስለ እነሱ ብቻ ይሆናል። «የእንትና ስንት ክንድ ቀረው?» ይባላል፣ ስለ በሽተኛ እንደሚጠየቀው በቀስታ።

በእኛ ሰፈር መጨረሻ የሚደርቀው የአንዲት አሮጊት ቢርካ ነበር። ኤዶ እላቸው ነበር፤ አክስቴ እንደማለት ነው፣ በዕድሜ የገፋች ሴት የምትጠራበት። ባለቤታቸው ቢርካውን በገዛ እጃቸው ሠርተው፣ ሲሞቱ አንድ ቃል ትተዋል፤ ከውሃው የመጨረሻው ሲሶ አይሸጥ፣ የሰፈሩ ይሁን። ለነፍሳቸው የሚፈስ ሰደቃ ነው። ግድግዳው ላይ በምስማር የተጫረ ምልክት አለ። ውሃው እዚያ ሲደርስ ኤዶ በሩን ይከፍቱታል፣ ሰፈሩም ዝናብ እስኪጥል ከዚያ ይጠጣል። ከዓመት ዓመት እንዲህ ነበር።

በዚያ በጋ በሩ በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት የሕፃናት ሰገራ በዛብኝ። ቅባት ያለው፣ የሚሸት፣ ልል ሰገራ። ስላይዱ ላይ ጃርዲያ አየሁ። ጃርዲያ ሕያው ሆኖ ሲገኝ ነፋስ እንደሚያወርደው ቅጠል እየተገለባበጠ ይሄዳል፤ ሁለት ዓይን ያለው ፊት ይመስላል። አልፎ አልፎም የትንሿ ኮሶ ትል እንቁላል ይገኝ ነበር። ልጆቹ ሁሉ ከአንድ ሰፈር ነበሩ። እኔ ለማንም ምንም አላልኩም፤ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ብቻ ነገርኩት። ሰው ግን ቆጥሮ ለመድረስ ላብራቶሪ አያስፈልገውም።

አንድ ቀን ጠዋት ኤዶ ራሳቸው መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፊታቸው ላይ የመነጽር እግር መሥመር ያሰመረባቸው ሴት ናቸው። በሻሻቸው የጠቀለሉትን ፕላስቲክ ጠርሙስ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«ዶክተር፣ የእኔ ውሃ ልጅ ያሳምማል ይሉኛል። እይልኝ።»

«ኤዶ፣ ዶክተር አይደለሁም አላልኩም?»

«ነጭ ለብሰሻል። እይልኝ።»

አየሁላቸው። ጠርሙሱን አቁሜ፣ ከሥሩ በጠብታ ማንሻ ወስጄ ስላይድ ላይ አደረግሁና አነጣጠርኩ። ጥሩ ጠብታ ነበረች። አረንጓዴ ክር የመሰለ አልጌ፣ ጠጉሩን እያርገበገበ የሚሽከረከር አንድ ነገር፣ ጭራውን አጣብቆ አፉን እንደ ጎማ የሚያሽከረክር ሌላ፣ አንዲት የውሃ ቁንጫም በመካከላቸው እየዘለለች። ሰው የሚጎዳ ምንም አላየሁም። ሁሉም በቆመ ውሃ ውስጥ የሚኖር፣ ኑሮውን የሚኖር ፍጥረት ነው። የሽንኩርቱ ልጣጭ ትዝ አለኝ። አሮጊቷ ይህን ሳያዩ ሊሞቱ ነው ብዬ አሰብኩ፣ እውነቴን ነው።

«ኤዶ፣ ይምጡ ይዩ።»

መነጽራቸውን አውልቀው አንድ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ማየት እስኪለምዱ ጊዜ ወሰደባቸው።

«ይኼ ይንቀሳቀሳል።»

«አዎ፣ ሕያው ነው» አልኩ፣ ደስ ብሎኝ።

«ይኼ ከእኔ ውሃ ነው?»

«ከእርስዎ ውሃ ነው።»

ቀና አሉ። ፊታቸው ላይ የጠበቅሁት ነገር አልነበረም። «አስተግፊሩላህ» ብለው የአላህን ምሕረት ለመኑ፤ ደግመው አሉት። መነጽራቸውን አድርገው፣ ጠርሙሱን እዚያው ጥለው ወጡ። እኔ «የሚጎዳ አይደለም» ስል እሳቸው ግቢውን አልፈዋል።

በማግስቱ ቢርካው ተቆልፎ ተገኘ። ቁልፉ በኤዶ ሻሽ ጫፍ ታስሮ ነበር። ለሚጠይቃቸው ሁሉ የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፤ «በዓይኔ አይቻለሁ።»

ሰፈሩ ሌላ ውሃ አልነበረውም። ሴቶቹ ጄሪካናቸውን በአህያ ጭነው ከከተማው ውጭ ወዳለው ኩሬ መሄድ ጀመሩ። ኩሬው ግመልና ፍየል የሚገባበት፣ ቀለሙ ወተት የተቀላቀለበት ሻይ የመሰለ ነው። ሳምንት አልሞላም፣ ተቅማጥ የያዛቸው ልጆች በር ላይ መሰለፍ ጀመሩ። ለተቅማጥ የሚሰጠው የኦአርኤስ ካርቶን እየጎደለ ሄደ። ኃላፊው በየጠዋቱ ወደ ላብራቶሪው ብቅ እያለ አንዲት ጥያቄ ብቻ ይጠይቀኝ ነበር፤ «አተት ነው?» አጣዳፊው ተቅማጥና ትውከት ከገባ ያቺን ከተማ ምን እንደሚያደርጋት ሁለታችንም እናውቃለን። እስካሁን አይደለም እለዋለሁ። «እስካሁን» የምትለዋን ቃል እየጠላት ሄደ።

አንዲት የኤዶ ጎረቤት ሕፃን ልጇን በጀርባዋ አዝላ ገባች። የልጅቷ ዓይን ጎድጉዶ ነበር። ልጅቷ ግሉኮስ ሲተከልላት እናትየው አጠገቧ ቆማ፣ ወደ እኔ ዞራ፣ ጅጅጋ ገበያ በሚሰማው አማርኛ እንዲህ አለችኝ።

«አባዮ፣ እህቴ፣ አንቺ ነሽ አይደል ለአሮጊቷ ሲኒማ ያሳየሻት?»

«እኔ ነኝ።»

«ጥሩ ነው። እኛ ደግሞ ለሲኒማው ቲኬት እየቆረጥን ነው።» በጣቷ ልጇን አሳየችኝ።

ልጅቷ በሦስተኛው ቀን ዳነች፤ ቢርካው ተቆልፎ ዝናብ እስኪጥል ከቆየ ግን ቀጥላ የምትመጣው ላትድን እንደምትችል አውቄው ነበር።

ኃላፊው ወጣት ነው፤ ቀልድ ያበዛል፣ ጭንቀቱንም በቀልድ ነው የሚያወጣው።

«እማማ» አለኝ፤ ያ ስም እስከዚያ ድረስ እንዴት እንደተከተለኝ አላውቅም። «አንድ ወረቀት ጻፊ። ‹ውሃው ተመርምሮ ንጹሕ ሆኖ ተገኝቷል።› ማኅተሙን እኔ እመታለሁ። ማኅተም የማይከፍተው በር የለም።»

«ንጹሕ መሆኑን አላውቅም።»

«ሰው የሚጎዳ አላየሁም አላልሽም?»

«በአንድ ጠብታ አላየሁም። ባክቴሪያ የማይበት መሣሪያ የለኝም። ልጆቹ ደግሞ ጃርዲያውን ከየት እንዳገኙት አላወቅንም።»

«እሺ፣ ኩሬው ንጹሕ ነው?»

«አይደለም።»

«እና?»

እና ነገሩ ይኸው ነበር። ውሸት ብጽፍ ሰፈሩ የተሻለ ውሃ ይጠጣል። አልጻፍኩም። ሲጠራቀም የቆየ ግትርነት ነው ብሎ የሚያማኝ ሰው ቢኖር አልከራከርም። ግን እነዚያ ልጆች የታመሙት ኩሬው ገና ሳይነካ፣ ቢርካው ክፍት ሳለ ነው። ማኅተም የተመታበት «ንጹሕ» በሩን ይከፍታል እንጂ ልጆቹ ከምን እንደታመሙ አይመልስም።

መጀመሪያ ኤዶ ቤት ሄድኩ። በራፋቸው ላይ፣ ግድግዳው ጥላ ውስጥ ተቀምጠው መቁጠሪያ ይዘው ነበር። ያዩት ነገር የሚጎዳ እንዳልሆነ፣ በየኩሬው በየቢርካው እንዳለ ነገርኳቸው።

«የማይጎዳ ከሆነ ለምን አሳየሽኝ?»

«ደስ ይላል ብዬ ነው።»

«ደስ ይላል» አሉ፣ ቃሉን እንደ እንግዳ ጥርስ በምላሳቸው እየነኩ። «እሱ ሰውዬዬ በእጁ ነው የቆፈረው። ሰደቃው ነው። ከሞተ ጀምሮ ለሰው ሕያው ነገር ሳጠጣ ኖሬያለሁ። ለእሱ አጅር ነው የምልክለት ወይስ ወንጀል?»

እኔ የልጆቹን ሆድ ሳስብ እሳቸው የሚያስቡት ሌላ ነገር መሆኑ ያኔ ነው የገባኝ። «ሼኩን ጠይቀዋል?» አልኳቸው።

«ጠይቄያለሁ። ብዙ ውሃ ቀለሙ፣ ጣዕሙ፣ ሽታው ካልተለወጠ ንጹሕ ነው ብሎኛል።»

«ታዲያ!»

«ሼኩ አላየም። እኔ አይቻለሁ።» ከዚያ ድንገት፣ «ናያ፣ አንቺ ሴት፣ ራስሽ ከእኔ ቢርካ ጠጥተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

ከጅጅጋ በመኪና በሚመጣልኝ የታሸገ ውሃ ነበር የምኖረው። «አላውቅም» አልኩ።

«እህ» አሉና መቁጠሪያቸውን ቀጠሉ።

ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ አፈርኩ፤ በማፈር ግን ቁልፍ አይከፈትም። በማግስቱ ተመልሼ አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው፤ በሩን ለእኔ ብቻ ይክፈቱልኝ፣ ልይ። ከፈቱልኝ። ደረጃው ላይ ቆሜ ወደ ታች ተመለከትኩ። ከባለቤታቸው ምልክት በታች ያሉት ደረጃዎች በደረቀ ጭቃ የተለበጡ ነበሩ፤ ጭቃው ላይ የባዶ እግር ዱካ፣ ትልቅና ትንሽ። ነገሩ ለካ እንዲህ ነው፦ ውሃው ከፍ ያለ ጊዜ ሰው ከላይ ሆኖ በገመድ ይቀዳል። ሲሶው ላይ ሲደርስና በሩ ለሁሉም ሲከፈት ግን ገመድ አያደርስም፤ ሴቶቹ ልጅ አዝለው ይወርዳሉ፣ ልጅ ተከትሏቸው ይወርዳል፣ ውሃው ውስጥ ቆመው በጎድጓዳ ሳህን ጄሪካን ይሞላሉ። ውሃው ሲሸጥ ባለቤት በር ላይ ቆሞ ማንንም አያስገባም። ሰደቃ ሲሆን ግን ማንን ትከለክላለህ? ኤዶ ሰው እንዳይሳቀቅ ብለው ያን ሰሞን ቤታቸው ይቀመጡ ነበር። የውሃው እድፍ የመጣው ከደግነታቸው ጋር ነው።

ከደረጃው ሥር ያለውን ደለል፣ ከመካከሉ ውሃ፣ ከሦስት ቤት ጄሪካን ሥር ያለውን ዝቃጭ፣ ከኩሬውም ወሰድኩ። ዝቃጩን በሚሽከረከረው ማሽን አሽከርክሬ፣ አዮዲን ጨምሬ ሁለት ቀን ሙሉ አየሁ። ከመካከሉ ውሃ ምንም አልታየኝም። ከደረጃው ሥርና ከሁለት ጄሪካን ግን የጃርዲያን እንቁላል መሰል ቅርፊት አገኘሁ። የኩሬውን ባልዘረዝረው ይሻላል።

ከዚያ ወረቀቱን ጻፍኩ፤ ገጽ ሞላ። ከየት እንደወሰድኩ፣ ምን እንዳየሁ፣ ምን እንዳላየሁ፣ ምን ማየት እንደማልችል። ኃላፊው አንብቦ ራሱን ያዘ።

«ይኼ ወረቀት አይደለም፣ ኑዛዜ ነው።»

«ማኅተሙን ምታበት።»

መታበት። ማይክሮስኮፑን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ በኃላፊው ባጃጅ ተጭኜ ኤዶ ቤት ሄድኩ። የፀሐይ ብርሃን በመስታወቱ ተቀብዬ ጓሯቸው ላይ ተከልኩት። ወረቀቱን በሶማሊኛ አነበብኩላቸው፤ ሶማሊኛዬ የሰፈር ጨዋታ እንጂ የወረቀት አይደለምና ሁለት ሦስት ቦታ አረሙኝ። ስለ እግር ዱካው ሳነብ መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ የኩሬውን ውሃ አሳየኋቸው። ቀጥዬ እሳቸው ለሶላት የሚታጠቡበትን የማሰሮ ውሃ። ቀና ሲሉ እንደ መጀመሪያው ቀን አልደነገጡም።

«እዚህም አለ።»

«እዚህም አለ።»

«አንቺ ከጅጅጋ በሚመጣልሽስ?»

አብሬ አምጥቼ ነበር። ጠብታውን አይተው ምንም አጡ። «ይኼማ ባዶ ቤት ነው» አሉ፣ ትንሽ ያዘኑለት ይመስል። ሳልወድ ሳቅሁ። እሳቸውም ፈገግ አሉና ወዲያው ኮስተር ብለው ጠየቁኝ። «እንግዲህ እኔ ያየሁት ነገር ልጆቹን አላሳመመም?»

«አላሳመመም። ያሳመመው እግር ነው። ሰው ውስጥ የነበረ፣ ሰው ይዞት የወረደ። ውሃው ከሰማይ ሲመጣ አልነበረበትም፤ ባለቤትዎም አላስገቡትም።»

የሻሻቸውን ጫፍ በጣታቸው ያዙ፤ ቁልፉ እዚያ ነበር። «እሱ ቢሆን ማንንም አያስወርድም ነበር» አሉ። «ኃይለኛ ነበር። እኔ ነኝ ሰው ይታዘበኛል ያልኩት።»

ሰኞ ጠዋት ቢርካው ተከፈተ፤ በሩ ላይ ግን ኤዶ ራሳቸው ወንበር አስቀምጠው ተቀምጠው ነበር። አንድ ባልዲ፣ አንድ ረጅም ገመድ፤ ለገመዱ ማስረዘሚያ የሦስት ቤት ገመድ ተቀጥሏል። ማንም አይወርድም። ውሃው በነጭ ጨርቅ ተጣርቶ ጄሪካን ይገባል፤ እኔ ለእያንዳንዱ ጄሪካን አንድ የክሎሪን እንክብል እሰጣለሁ። ክሎሪኑ ለብዙው ነገር ቢሠራም ለጃርዲያ ብቻውን እንደማይበቃ፣ የሕፃናቱ ውሃ ግድ መፍላት እንዳለበት ለእያንዳንዷ ሴት እናገራለሁ። ያቺ ሲኒማ ያለችኝ ጎረቤት ሰልፉ ላይ ነበረች።

«ማገዶውን ማን ይሰጠናል፣ አባዮ?»

«የልጅቷን ብቻ አፍይላት። አንዲት ማንቆርቆሪያ ትበቃታለች።»

«አንዲት ማንቆርቆሪያ» አለች፣ እንክብሉን ከእጄ እየነጠቀች። «ስትናገሪ ቀላል ነው።» ከሰዓት በኋላ ቤቷ ሳልፍ ግን ማንቆርቆሪያዋ እሳት ላይ ነበረች።

የመጀመሪያው ቀን ሰልፍ ሲያልቅ ኤዶ ከራሳቸው ጄሪካን አንድ ኩባያ ቀድተው ዘረጉልኝ። ሰዎች ቆመው ያያሉ። ሰዓቴን አየሁ።

«ኤዶ፣ እንክብሉ ከገባ ሠላሳ ደቂቃ አልሞላውም።»

«የዚህች ሴት ሰዓት!» አሉ ለሰዎቹ። «መለከል መውት፣ ነፍስ ወሳጁ መልአክ እንኳ እንዲህ አይቆጥርም።»

ኩባያውን ወንበራቸው ሥር አስቀመጡት፣ በሻሻቸውም ጫፍ ሸፈኑት። አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከፊታችን ሜዳው እስከ ሰማይ ደረቅ ነው፤ አህያ ሲያልፍ አቧራው ቶሎ አይወርድም። ስለ ባለቤታቸው አወሩልኝ፤ ሲሚንቶውን ከጅጅጋ በግመል ስላመጡበት ጊዜ፣ ስለተሰበረ ጣታቸው። ሠላሳው ደቂቃ ሲሞላ ራሳቸው አስታወሱኝ። ጠጣሁት። የክሎሪን ሽታ ነበረው፣ ከሥሩም ትንሽ የአፈር ጣዕም። እንክብሉ ምኑን እንደማይገድል እያወቅሁ ነው የጠጣሁት፤ ይህንንም ልጽፈው ይገባል። ከዚያ ቀን በኋላ ዝናቡ እስኪመጣ የጠጣሁት ከዚያው ነው።

በየጠዋቱ የሚመጣው የሕፃናት ሰገራ ቀነሰ፤ አልጠፋም። አተት አልመጣም። እኛ ስላደረግነው ይሁን ዕድል ይሁን አላውቅም፣ ኃላፊው ግን ለሁሉም እኛ ነን እያለ ያወራ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የራሴን ሰገራ መረመርኩ። በመዝገቡ ላይ ስሜን እንደማንኛውም ታካሚ አስገባሁ፤ ሦስት ስላይድ አየሁ። ሐሙስ ጠዋት እንክብል ይዤ ቢርካው ጋ ስደርስ ኤዶ ከወንበራቸው ሆነው ጠየቁኝ። ኃላፊው ነግሯቸዋል ማለት ነው።

«ራስሽን አየሽ አሉ። እንዴት ነሽ፣ ንጹሕ ነሽ?»

«አልታየም፣ ኤዶ።»

«ንጹሕ ነሽ ማለት ነው?»

«አልታየም ማለት ነው።»

«ወላሂ፣ አንቺን ያገባ ሰው አበቃለት» አሉና ባልዲውን ወደ ታች ለቀቁት። ገመዱ ረዘመ፤ ውሃውን ሲነካ የሚሰማው ድምፅ ከሩቅ መጣ። ስንት ክንድ እንደቀረው ሁለታችንም በጆሯችን ለካን። ደመናው በካራማራ በኩል መከመር የጀመረው በዚያ ሳምንት ነበር።